የአፕል ግንድ በጥርስና በክር መካከል

ነህምያ ሊፈታው የተነሳው ችግር ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም ነበር። ከካምባ ከተማ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ ሰው በየጓሮው የተከላቸው ወጣት የአፕል ዛፎች ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቅርፊታቸው እየተገፈፈ ይደርቁ ጀመር። ከሩቅ ሲታዩ መጀመሪያ ምንም አይመስሉም። ቅጠሉ አለ፣ ቀንበጡም አለ። ከዚያ ያለወቅቱ ቅጠሉ ይቀላል፤ ዛፉም ሥሩን መሬት ውስጥ እንደተከለ ቆሞ ይሞታል። ግንዱ ላይ እንደ ቀለበት የዞረውን ቁስል የሚያገኘው ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው ብቻ ነው።

ያን የምታህል ቀለበት አንድ ሙሉ ዛፍ እንዴት ትገድላለች? ዛፍ ውኃን ከሥር ወደ ላይ የሚያወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደው ግን ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቃ ባለች ስስ ሽፋን በኩል ነው። ሁለት መንገድ፣ አንዱ መውጫ፣ አንዱ መውረጃ! ቅርፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ቢላጥ ምግቡ በሌላው ጎን ዞሮ ይወርዳል፤ ዛፉም ቁስሉን ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያለ ይሸፍነዋል። ዙሪያውን ከተላጠ ግን መውረጃው ተቆርጧል። ቅጠሉ ውኃ እያገኘ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ከታች ግን ሥሩ በረሃብ እያለቀ ነው። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጥርስ አለው፣ ሌላው የለውም።

ነህምያ አርባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ አርባ ምንጭ ወርዶ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ሸክም ሲሸከም ቆይቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጨንቻ የሚኖር አጎቱ ጠራውና ችግኝ ማዳቀል አስተማረው። እነሱ ማዳቀል የሚሉት የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ሥር ላይ መቀጠልን ነው። ጥሩ ፍሬ የሚሰጥ አፕል ሁልጊዜ ጥሩ ሥር የለውም፤ ሥሩ የጠነከረውም ፍሬው አይበላም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ በምላጭ ሰያፍ ተቆርጠው ቁርጥ ከቁርጥ ይገጠማል፣ በስስ ፕላስቲክ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ቅርፊት ከቅርፊት ከተገናኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱ አንድ ዛፍ ይሆናሉ። ነህምያ ይህን ያየ ዕለት አጎቱን፣ «ዛፉ ራሱ ማን መሆኑን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀው። አጎቱም «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ሲያፈራ ጠይቀው» አለው።

ወደ መንደሩ ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ቀንበጦች ይዞ መጣ። ከእነሱ ያሳደጋቸው ዛፎች ከቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ባለ የእሾህ አጥር ውስጥ በአንድ ረድፍ ቆመዋል። እናት ዛፎች ይላቸዋል። ዘራቸው አጭር ስለሆነ ግንዳቸው ከእጅ አንጓ ብዙም አይወፍርም። በየዓመቱ ከእነሱ ቀንበጥ እየቆረጠ ከጎናቸው ባለው የችግኝ መደብ ላይ ያዳቅላል። በመንደሩ ያለ አፕል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ረድፍ የወጣ ነው። ይህ ለብዙ ጊዜ ኩራቱ ነበር። ዛፎቹ መሞት ሲጀምሩ ግን ኩራቱ ወደ ክስ ተለወጠ።

የመጀመሪያዋ ከሳሽ ከእሱ ግቢ በታች የምትኖረው ሻሺቱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብሷን ቀንሳ አፕል የተከለች፣ አፏን ሰው የሚፈራው ሴት ናት። አንድ የደረቀ ዛፍ ከነሥሩ ነቅላ በሩ ላይ ጣለችው።

«ነህምያ! ና ውጣ፣ ልጅህን አምጥቼልሃለሁ።»

«ምን ሆነ፣ እትዬ ሻሺቱ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከመደብህ ሲወጣ ሕመሙን ይዞ ነው የወጣው። እኔ ያጠጣሁት ውኃ ነው፤ መርዝ አላጠጣሁትም።»

ነገሩ ዱቡሻ ደረሰ። ዱቡሻ በጋሞ የመንደሩ ሰው ለምክርና ለዳኝነት የሚቀመጥበት ሜዳ ነው። እዚያ የተባለ ቃል የተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠው ሁሉ ነው፤ የታሰረውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን አይፈታውም። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አባባ ወልደሥላሴ ከመረቁ በኋላ ጥያቄውን አስቀመጡ። በሽታው ከነህምያ መደብ የመጣ ከሆነ መደቡ ይቆፈራል፣ እናት ዛፎቹም ተቆርጠው ይቃጠላሉ። ካልሆነ ማን እንደሆነ ያስረዳ።

ነህምያ የተላጡ ግንዶችና የተቆረጡ ቀንበጦች ይዞ ቀርቦ ነበር። «ቀንበጡን እዩት» አለ። «ሰያፍ ነው የተቆረጠው፣ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ፍየል ብትሆን ትቦጭቀው ነበር። ግንዱን ደግሞ ዳስሱት፤ ጎን ለጎን የሄዱ ጭረቶች አሉት። ይሄ የጥንቸል ጥርስ ነው።»

ከኋላ የተቀመጠው ሸማኔው ሲላስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲያው ጥንቸሏን አምጥተህ አስምላታ!» አለ። ሰው ሳቀ። ሻሺቱ ግን አልሳቀችም። «ታምጣት» አለች፣ «እኔ አፏን ከፍቼ አያለሁ።»

ብታየው ኖሮ ትደነቅ ነበር። የዱር ጥንቸል የላይ የፊት ጥርሶቿ እያንዳንዳቸው ፊታቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቦይ አላቸው። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ሌሎች ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀው ይገኛሉ፤ አይጥ እነዚህ የሏትም። ጥርሶቹ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ የሚሞርዳቸው ማኘኳ ነው። የዱሯ ጥንቸል ሰው በቤት ከሚያረባት ጥንቸል ጋር በስም ትገናኛለች እንጂ ኑሮዋ ሌላ ነው። የቤቷ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ልጆቿም ዓይናቸው ሳይገለጥ ራቁታቸውን ይወለዳሉ። የዱሯ አትቆፍርም። ሣር መሃል ተጋድማ ትውላለች፣ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይመጣሉ፤ ገና ከጅምሩ መሸሽ አለባቸውና። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በአካባቢው እርጥበት ያለው ለስላሳ ምግብ የሚቀረው የወጣት ዛፍ ቅርፊት ነው። በዚያ ደጋ ደግሞ እሷን አድኖ የሚበላ ሰው የለም። ታድያ ለምን አትመጣ?

ሽማግሌዎቹ ግንዱን ተቀባብለው ዳሰሱ። አመኑት። «እንግዲህ ምን ይደረግ?» አሉ አባባ ወልደሥላሴ።

ነህምያ ሳያመነታ መለሰ፦ «በደረቅ ኮባ እንጠቅልለው።»

የእንሰት አገር ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? እዚያ ቂጣ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ቅቤ በኮባ ይታሰራል፣ ዘር በኮባ ተጠቅልሎ ለመጪው ዓመት ይቀመጣል። ከበላተኛ ሊጠበቅ የሚገባ ነገር ካለ ኮባ ይለብሳል። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ፍርዱም ወጣ፦ የመንደሩ አፕል ሁሉ በደቦ ይጠቀለል። ጎረቤት ጎረቤቱን «ፍየሉን ሆን ብሎ ለቀቀብኝ» እያለ ሲጠረጥር ስለከረመ ማንም የራሱን ዛፍ አይሰር፤ የአንዱን ሌላው ይሰርለት። ዱቡሻ ሳይል ማንም አይፍታው።

ተጠቀለለ። በአጥር ውስጥ የነበሩት እናት ዛፎች ጥንቸል ነክቷቸው ባያውቅም ፍርዱ ለሁሉም ነውና እነሱም ለበሱ። ያሰረችላቸው ሻሺቱ ናት፣ በእንሰት ቃጫ፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ወዲያ እስከ በጋው መጨረሻ አንድም ግንድ አልተላጠም። ሻሺቱ እንኳ ለነህምያ ቤት አንድ ቅርጫት ድንች ላከች፤ ይቅርታ ግን አላለችም።

ከዚያ በልግ ገባ።

በዚያ ከፍታ በልግ ማለት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በዝናቡና በዝናቡ መሃል የሚተኛው ጉምም አለ። ነህምያ በዛፎቹ መሃል ሲያልፍ ከኮባው የታችኛው ጠርዝ ቡናማ ነገር እየተንጠባጠበ፣ ግንዱን ሲጠጋው የኮመጠጠ ሽታ ሲሸተው ቆየ። ከዚያ አንዳንዱ ዛፍ ላይ ቅጠሉ ይቀላ ጀመር። ጥንቸል በበጋ የምታደርገው ነገር በዝናብ መሃል ሆነ፤ ለዚያውም ጥንቸል ጥርሷን ልታሳርፍበት በማትችለው በተጠቀለለ ግንድ ላይ።

ማየት ነበረበት። ማየት ግን አልቻለም። ኮባው የታሰረው በሌላ ሰው እጅ፣ በዱቡሻ ቃል ነው፤ ያን ቃል ያወጣውም የእሱ አፍ ነው። ዕለት ዕለት ዛፎቹን እየዞረ ቋጠሮዎቹን ይነካና እጁን ይመልሳል። ዝናቡን እያየ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ቲጂ ሁለት ሳምንት ያህል ታግሳ ተናገረች።

«ፍታውና እየው። ዛፉ ያንተ ነው።»

«ዱቡሻ ያሰረውን እኔ አልፈታም።»

«እግዜርስ ይሄን ሁሉ ዝናብ ሲያዘንብ ዱቡሻን ጠየቀ?»

«ሄደሽ እሱን ክሰሺው» አላት።

ያዳነው ነፋስ ነው። ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ከተከላቸው ዛፎች አንዱ በአንድ ከሰዓት ነፋስ ከግንዱ ተቆርጦ ወደቀ፤ የተሰበረው ከጥቅሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ኮባው እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮውም አልተነካም። ነህምያ የወደቀውን ከነልብሱ አነሳ፣ ቅርንጫፎቹን አሳጠረ፣ በማግሥቱ አርባ ምንጭ በሚሄደው ቅጥቅጥ ላይ በጭኑ ይዞት ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት መጠቅለያውን አይተው፣ «ምንድነው ልጄ፣ ሬሳ ነው?» አሉት። «አዎ እናቴ» አላቸው፣ «የገደለው ማን እንደሆነ ላስመረምር ነው።» ከዚያ እስከ መውረጃው ድረስ ስለ እንሰታቸውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም አማከሩት።

ሴቻ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር የዕፅዋት በሽታ የሚመረመርበት አንድ ክፍል አለ። እዚያ ያገኛት ኖላዊት ትባላለች፤ ከሌላ ክልል መጥታ አርባ ምንጭ ተምራ፣ ተመርቃ እዚያው ሥራ የጀመረች ወጣት ናት። ጋሞኛ አትችልም፤ እሱ ደግሞ አማርኛውን በሲቀላ ሸክም ላይ ነው የለመደው። ዛፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ይፍቱታ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ፍቺው፣ እህቴ። እኔ አልፈታውም።»

«ለምን?»

«በዱቡሻ ነው የታሰረው። አንቺ የዱቡሻችን ሰው አይደለሽም፣ አይይዝሽም።»

ሳቀች። ፊቱን አይታ ሳቋን አቆመችና መቀስ አነሳች።

ከኮባው ሥር ያለው እንዲህ ነበር። በአንድ ጎን ያለፈው በጋ የጥንቸል ንክሻ አለ፤ ቦዮቹ ሳይቀር ይታያሉ። የንክሻው የላይ ጠርዝ ወፍሮ፣ እንደ ከንፈር ተገልብጦ፣ ቁስሉን መሸፈን ጀምሮ ነበር። ዛፉ ሊድን ነበር ማለት ነው! ከንክሻው የታች ጠርዝ ጀምሮ ግን ቅርፊቱ ጠቁሮና ሰጥሞ ግንዱን ዞሮታል። ኖላዊት ቅርፊቱን በምላጭ ጫፍ ፈልቅቃ ማጉያ መስታወት ሰጠችው። ጥቁር ነጠብጣቦች ላዩን ሞልተውታል። ከሥሩ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተዘርግተዋል።

«ጥንቸል ናት ወይስ በሽታ?» አላት። የመጣበት ጥያቄ ይህ ነበር።

«በሩን ጥንቸሏ ከፈተች» አለች፣ «የገባው ፈንገስ ነው።»

ቁራጩን እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ከደነችው። እሱ በሲቀላ አንድ ዘመዱ ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ቁራጩ ነጭ ጠጉር አብቅሎ፣ ጠጉሩም ወደ ጥቁር እየተለወጠ ነበር። ኖላዊት ከእሱ ያላነሰ ተደንቃ ታሳየው ጀመር፤ ሁለቱም ዕቃው ላይ ተደፉ።

እነዚህን ሁለት ፍጥረቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደስ ይላል። ፈንገስ ተክል ይመስላል፤ አይደለም። እንደ ተክል ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም፤ እንደ ጥንቸሏ ሌላ የሠራውን መብላት አለበት። እንዲያውም ሳይንቲስቶች የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ ሲከተሉት ፈንገስ ከሚበላው ዛፍ ይልቅ ለምትነክሰው ጥንቸል ቀርቦ ይገኛል። የሚለያቸው አበላላቸው ነው። ጥንቸሏ ቅርፊቱን ወደ ሆዷ ታስገባና እዚያ ትፈጨዋለች፤ አንድ ጊዜ ስለማይበቃት ለስላሳ አድርጋ ያወጣችውን መልሳ ትበላዋለች፣ ሁለተኛ እንዲያልፍ። ፈንገሱ ሆድ የለውም። የሚፈጨውን ፈሳሽ በክሮቹ ጫፍ ወደ ውጭ አፍስሶ፣ እንጨቱ እዚያው በቦታው ሲሟሟ ይመጠዋል። እሷ ምግቧን ትፈልጋለች፣ እሱ ግን ምግቡ ውስጥ ይኖራል። እሷ የምትሸሽበት እግር አላት። የእሱ ዘር ግን ከዱቄት የደቀቀ ነው፤ ቅርፊት ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቃል፣ ከቁስል አጠገብ ረግቶ የሚቆይ ውኃ። ደረቅ ነፋስ ለእሱ ሞት ነው።

እዚህ ላይ ነህምያ ቀና አለ። «ኮባው» አለ።

ኖላዊት አልቸኮለችም። «ሊሆን ይችላል። ኮባው ጥንቸሏን ከልክሎ ውኃውን ይዞ ይሆናል። ግን እኔ የማውቀው እዚህ ቁራጭ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ያልተጠቀለለ ዛፍ በዚሁ ዝናብ እንዴት እንደሆነ አይተዋል?»

«ያልተጠቀለለ ዛፍ የለም።»

«አንድም?»

«አንድም። እኔ ነኝ ያስጠቀለልኩት።»

«እንግዲያው ከምን ጋር ያወዳድሩታል?» አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ወደ መንደሩ ሲመለስ በመንገዱ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ነው የተሸከመው። ቢፈታ በጋ ሲመጣ ጥንቸሏ አለች፤ ቢተወው በዝናብ ወራት ፈንገሱ አለ። ዓመቱን ሁለቱ ተካፍለውታል፤ ለዛፉ የቀረለት ወር የለም። ኮባው ጥፋተኛ መሆኑን ለማሳየት ያልለበሰ ዛፍ ያስፈልገዋል፤ ያልለበሰ ዛፍ እንዳይኖር ያደረገው ደግሞ ራሱ ነው። ወጥመድ ሠርቶ ከውስጥ በኩል የዘጋው መሰለው።

ዱቡሻው ሲቀመጥ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ሻሺቱ እስኪጨርስ ታገሰችና ተነሳች።

«መጀመሪያ ጥንቸል አልክ። አሁን ደግሞ ሻጋታ ትላለህ። ሦስተኛውን ከወዲሁ ንገረንና እንዘጋጅ!»

ሲላስ ከኋላ፣ «ሦስተኛው ሻሺቱ ናት» አለ። ሳቁ ሲያልፍ አባባ ወልደሥላሴ በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ምን ትላለህ፣ ልጄ? እንፍታ ነው የምትለው?»

«ሁሉን አንፍታ። የእኔን ጥቂት ዛፎች ልፍታና እንይ። መንገድ ዳር ያሉትን።»

«መንገድ ዳር ያሉትንማ ግማሾቹን ቀብረሃቸዋል» አለች ሻሺቱ። «የሞተ ዛፍ ላይ መሞከር ምን ያስፈራል? በእናቶቹ ይሞክር። እዚያ ከሆነ አምነዋለሁ።»

የእሾህ አጥሩን፣ ረድፉን፣ መደቡን ሁሉም ያውቀዋል። ነህምያ ለመቃወም አፉን ከፈተ፤ ግን ትክክል መሆኗ ይሰማው ነበር። በማይሳሳለት ነገር ቢፈትን ማን ያምነዋል? ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ወሰኑ። እናት ዛፎቹ በሦስት ይከፈሉ። አንዱ ክፍል ኮባውን እንደለበሰ ይቆይ። አንዱ ክፍል ይፈታ፣ ራቁቱን ይቁም። ለሦስተኛው ነህምያ የሚያስበው ሌላ ልብስ ካለ ያልብሰው። ክረምቱም በጋውም ይለፍባቸው። ሦስቱም ከጠፉ ግን በሽታው ከመደቡ ነው፤ ያኔ መደቡ ይቆፈራል፣ የተረፈውም ይቃጠላል። ጠባቂዋ ሻሺቱ ትሁን።

«ለምን እኔ?» አለች።

«አታዝኚለትማ» አሉ አባባ ወልደሥላሴ።

ለሦስተኛው ልብስ ነህምያ ቀርከሃ መረጠ። ሰንጥቆ፣ አልፎ አልፎ ክፍተት እየተወ፣ ረጅም ጠባብ ቅርጫት ሸመነ። ቅርጫቱ ግንዱን አይነካውም፤ ዙሪያውን ርቆ ይቆማል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጥንቸሏ አፍ ግንዱ ጋ እንዳይደርስ፣ ነፋስ ግን እንዲደርስ። የመጀመሪያው ሽመና ጠማማ ወጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከእግሩ በኩል ሰፍቶ ጥንቸል ከነልጆቿ የምታስተናግድ ሆነ። ሻሺቱ ቆማ ስታየው ቆይታ፣ «የእናቴ ዶሮ እንኳ እዚህ ውስጥ አታድርም ነበር» አለችና ከራሷ ቀርከሃ ቆርጣ አመጣችለት፤ አያያዙንም አሳየችው።

የከበደው መሸመኑ አልነበረም። ኮባ ለብሰው የሚቆዩትን ዛፎች መምረጥ ነበር። እንደሚበሰብሱ የሚያምንባቸውን፣ ከጨንቻ በእርጥብ ጨርቅ ካመጣቸው ቀንበጦች የበቀሉትን፣ እያወቀ እንዲተዋቸው ተጠየቀ። ለማወዳደር አንዱ ወገን ክፉውን ነገር መቀበል አለበት። የታመመውን ወስዶ እዚያ ቢመድብ ፍርዱን ያጣምመዋል፤ ጤነኛውን ለመመደብ ደግሞ አልጨከነም። በመጨረሻ ቲጂ ዓይኗን ጨፍና ድንጋይ እየወረወረች መደበችለት።

ክረምቱ አለፈ። ኮባ ከለበሱት አንዱ ቅጠሉ ቀልቷል። ሌሎቹ እስካሁን ቆመዋል፤ የቀላውንም ሆነ እነዚህን ጥንቸል ነክሷቸው አያውቅም፣ ስለዚህ ፈንገሱ ያለ ንክሻ መግባት ይችል እንደሆን ማንም አያውቅም። ኖላዊት በስልክ ስትጠየቅ፣ «እኔም ልየው ብዬ እየጠበቅኩ ነው» አለች። የተፈቱት ግንዳቸው እርጥበቱ ለቆት ቅርፊቱ ጠርቷል። የቀርከሃዎቹም እንደዚያው ናቸው፤ ሸረሪት ብቻ ገብቶባቸዋል። ነህምያ በዚህ ደስ ሊለው ሲጀምር ሻሺቱ አጥሩን አሳየችው።

«ይሄን እሾህ ክፈት። ታጥሮ የተረፈ ዛፍ ስለ ጥንቸል ምን ይመሰክራል?»

ለብዙ ዓመት ያጠናከረውን አጥር በገዛ እጁ ከፈተው፣ ጥንቸል የምታሳልፍ ያህል።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ሣሩ ቢጫ ሆኗል። በዚህ ሳምንት በአጥሩ ክፍት አጠገብ እንደ ሽምብራ ክብ፣ ደረቅ ኩስ ተገኝቷል። የነህምያ ውሻ ቦቢ ሽታውን ይዞ ረድፉን ሲዞር ስለዋለ ሻሺቱ ይህንንም ተቃወመች፤ ውሻ የሚጠብቀው ዛፍም አይመሰክርምና። ስለዚህ ነህምያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሻውን ጠርቶ ከቤቱ ፊት ለፊት ያስረዋል። በዱቡሻ ፊት የከሰሳት ጥንቸል መንገድ ላይ ማንም እንዳይቆምባት የሚደክመው አሁን እሱ ነው። ቦቢ ያለቅሳል፤ እሱም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ያሻሽለታል።

ጠዋት ጠዋት ረድፉን ቀድሞ ማየት አልተፈቀደለትም። ሻሺቱ እስክትመጣ ከቤቱ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። ዛሬም መጣች፣ ነጠላዋን አጠበቀች፣ በተከፈተው አጥር በኩል ገብታ ከመጀመሪያው ራቁት ዛፍ ሥር ተንበረከከች። ብዙ ቆየች። ጣቷን ግንዱ ላይ ስታንሸራትት ከጀርባዋ ይታየዋል፤ ግንዱ ግን አይታየውም።

«እትዬ ሻሺቱ?» አላት።

«ዝም በል» አለችው ሳትዞር፣ «እያየሁ ነው።»